ማንም የማይወጣበት ጨዋታ

ጥያቄ፦ «ሰላም። ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ሁለቱ ልጆቼና ሦስት የእህቴ ልጆች ቤት ናቸው። ትንሿ 5 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 12፣ መሃል ያሉት 6፣ 8 እና 9። ውጭ ዝናብ ነው፣ ቀኑ በቲቪና በስልክ ያልፋል። ስልኩን ስወስድባቸው አንድ ጨዋታ ይጀምሩና 10 ደቂቃ ሳይሞላ ተጣልተው ይመጣሉ። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ስለ ጩኸቱ ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። እናቴም አብራን ናት። ቤት ውስጥ ሰብሰብ ብለው የሚጫወቱት ምን አለ?»

ምላሽ፦ እህቴ ሰላም ላንቺ ይሁን። 14 ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምሬአለሁ፤ አሁን አዳዲስ መምህራንንና ሞግዚቶችን በጨዋታ ላይ አሰለጥናለሁ። ክረምት በገባ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣልኛል፤ አንቺ ግን ብዙ ወላጆች የማይነግሩኝን ነገር ነግረሽኛል። «ተጣልተው ይመጣሉ» አልሽ። መልሴን ከዚያ ልጀምር።

አምስት ልጅ ያለበት ቤት ጨዋታ አያጣም። የሚያጣው ሁሉንም አብሮ የሚያቆይ ህግ ነው። ልጆች ብቻቸውን ሲሆኑ ቶሎ የሚመጣላቸው ሰው የሚያስወጣ ጨዋታ ነው፤ የተነካ ይወጣል፣ የተሳሳተ ይወጣል፣ ወንበር ያጣ ይወጣል። የ12 ዓመት ልጅ ባለበት ደግሞ የ5 ዓመቷ ሁሌም መጀመሪያ ወጪ ናት። ከወጣች በኋላ ምን ትሁን? ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ የሌሎቹን ሳቅ ታያለች። ከዚያ የ6 ዓመቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፣ እና ሁለቱ ትልልቆች ሲጫወቱ ሦስቱ አኩርፈው አንቺ ጋ መጥተው ስልክ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ለዚህ ክረምት ማንም የማይወጣበትን ጨዋታ ምረጪ። የምትወጂው ጨዋታ የሚያስወጣ ከሆነም ህጉን ቀይሪው።

ይሄን ያስተማረኝ አንድ ልጅ ነው። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት የወንበር ጨዋታ እናዘወትር ነበር፤ ዘፈኑ ሲቆም ወንበር ያላገኘ የሚወጣበትን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ ልጅ ነበረኝ። በየቀኑ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። አያለቅስም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ይቆማል። አንድ ቀን ገና ወንበር ስንደረድር፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ቀድሞ ሄዶ መስኮቱ ጋ ቆመ። አንጀቴን በላው። ያን ቀን ህጉን ቀየርኩት፤ ወንበር ይወጣል እንጂ ልጅ አይወጣም አልኩ። ዘፈኑ በቆመ ቁጥር አንድ ወንበር እናነሳለን፣ ልጆቹ ግን ሁሉም በቀሩት ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ ጭን ላይ፣ ጫፍ ላይ፣ ተቃቅፈው፣ እንደምንም። መጨረሻ ላይ ስምንት ልጆች ሁለት ወንበር ላይ ተደራርበው ሲስቁ እሱ መሃላቸው ነበር። ላንቺ ቤት ወንበር እንኳን አያስፈልግም፣ ትራስ ይበቃል። ትራስ ደግሞ ሲጎተት ታች ቤት አይሰማም።

ወደ ሌሎቹ ጨዋታዎች ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃ አብረሻቸው ምንጣፉ ላይ ቁጭ በይ። ስልኩን ነጥቆ «ሂዱ ተጫወቱ» ማለት ቅጣት ይመስላቸዋል። ቲቪው ይጥፋ፣ ያንቺም ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይግባ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው፤ ይነጫነጫሉ፣ «ደበረን» ይላሉ፣ ትልቁ ይብሳል። አትደንግጪ። ጨዋታውን ከያዙት በኋላ ቀስ ብለሽ ተነሺ፤ ብዙ ጊዜ መነሳትሽንም አያዩም።

ለመጀመሪያው ቀን የምመርጥልሽ የትሪ ጨዋታ ነው። ትሪ ላይ የቤት ዕቃ ትደረድሪያለሽ፤ ሲኒ፣ ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ላጲስ፣ ሎሚ፣ አዝራር፣ ማበጠሪያ። ለትንንሾቹ 7 ይበቃል፣ ሲለምዱ 12 አድርሺው። አንድ ደቂቃ ያህል ያዩታል፣ ከዚያ በነጠላ ትሸፍኝዋለሽ፣ ፊታቸውን ሲያዞሩ አንድ ዕቃ ትወስጃለሽ። ነጠላው ሲነሳ «ማን ጠፋ?» ነው። እዚህ ጨዋታ ላይ የ5 ዓመት ልጅ የ12 ዓመቱን ስትበልጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ስለዚህ በሁለት ቡድን ሆነው እርስ በርስ ይጠያየቁ። ቀጥሎ እነሱ ራሳቸው ዕቃ ሰብስበው ትሪውን ያዘጋጁ፤ ማዘጋጀቱ ከመገመቱ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፣ እሱም ጨዋታ ነው።

አሁን ስለ እናትሽ። ቤት ውስጥ አያት እያለች ልጆች ስልክ ላይ ሲውሉ በጣም ነው የሚቆጨኝ። እንቆቅልሽ የሷ ነው። «እንቆቅልሽ?» ትላለች፣ «ምን አውቅልሽ!» ይላሉ፣ ያላወቀ አገር ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ህግ ጨምሪ፦ አንዴ የተሰጠ ከተማ አይደገም። ጎንደር ከተሰጠ ተሰጠ፤ ቀጣዩ ሐረር ይበል፣ ጅማ ይበል፣ ደሴ፣ አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ። ትልቁ ልጅ ካርታ ይዞ የተሰጠውን አገር እየፈለገ ያሳያቸው። ክረምቱ ሳያልቅ የአገራቸውን ከተሞች በቃላቸው ይይዛሉ። ለትንንሾቹ ቀላል ቀላሉን ጠይቂ፤ «ጥርስ አላት አትነክስም» — ማበጠሪያ፣ «በር የሌላት ነጭ ቤት» — እንቁላል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ደግሞ ራሳቸው ይፍጠሩ። አንድ ተማሪዬ «ሲርበው ይጮኻል፣ በጅራቱ ይበላል» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ አሰብኩ፣ አላወቅኩም፣ አገር ሰጠሁ። መልሱ ስልክ ነው፣ ጅራቱ ቻርጀር። እንቆቅልሽ መፍጠር የጀመረ ልጅ ዙሪያውን ያለውን ነገር ሁሉ በሌላ ዓይን ያያል፤ እኔ ይሄን ጨዋታ ከሁሉም የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ተረትም በዚያው መንገድ የጋራ ይሆናል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይሉና አያት የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ትጀምራለች፣ «ከዕለታት አንድ ቀን አያ ጅቦ...» ትልና ትተወዋለች። ቀጥሎ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፣ ከዚያ የሚቀጥለው። የክር ኳስ ወይም ሻርፕ የያዘው ብቻ ይናገር፣ አለበለዚያ የ8 ዓመቱና የ9 ዓመቱ የትንሿን ተራ ይበሏታል። ታሪኩ መስመር ይስታል፣ ይሳት። አያ ጅቦ ታክሲ ቢሳፈር ምን ቸገረሽ?

ሹክሹክታን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጆሮ የተነገረው ዓረፍተ ነገር በመጨረሻው ልጅ አፍ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ማየት ነው። «የአያቴ ጀበና ተሰበረ» ብለን ጀምረን «የአባቴ ገበና ተሰበረ» ሆኖ የወጣበትን ቀን እስካሁን አልረሳውም። ብዙም አታብራሪላቸው፣ ጀምሪው ብቻ። ጎረቤት ለሚያማርርበት ቤት ከዚህ የተሻለ የለም፣ ምክንያቱም የጮኸ ልጅ ጨዋታውን ያበላሻል።

ጩኸትን ካነሳን የእንቅስቃሴውን ነገር እንየው፤ ያንቺ ትልቁ ችግር እሱ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን ላይ ቁጭ ማለት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል፣ ካነሰም ይሻላል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። አምስቱም ልጆችሽ እዚህ ውስጥ ናቸው። 3ኛ ፎቅ ላይ ግን ሱዚ አይዘለልም፣ ሰኞ ማክሰኞም አይሆንም። ዝናቡ ባባራ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ ወደ ግቢው አውርጃቸው፤ ሱዚው እዚያ ይሁን። ቤት ውስጥ ደግሞ እግር የማያስረግጥ እንቅስቃሴ እንፈልግ።

እስክስታ አለልሽ። ትከሻ ወለል አይመታም! በክብ ተንበርክከው ወይም ተቀምጠው፣ ሬዲዮ ከፍታችሁ፣ ሙዚቃው ሲቆም ትከሻው ባለበት ይደርቃል። የተንቀሳቀሰ አይወጣም፤ ሬዲዮውን የሚቆጣጠረው እሱ ይሆናል። ይሄን ብልሃት ልብ በይው፣ ለብዙ ጨዋታ ይሠራል፦ የተሳሳተ ልጅ ሥራ ይሰጠዋል። «አለቃው አለ» የሚባለውንም እንደዚሁ አድርጊው። አለቃው «አለቃው አለ፣ እጅ ወደ ላይ» ሲል ያደርጋሉ፣ «እጅ ወደ ታች» ብቻ ሲል ግን ዝም ይላሉ። ተታሎ ያደረገ ቀጣዩ አለቃ ነው። ልጁ እጁን ሊያወርድ ሲል ራሱን ሲይዝ ታዪዋለሽ፤ ያቺ ቅጽበት ክፍል ውስጥ ተራ ለመጠበቅም፣ ሲናደድ እጁን ለመሰብሰብም የምትጠቅመው ራስን የመግታት ልምምድ ናት።

እኔ ግን ለኮንዶሚኒየም ልጆች ከሁሉም የምወደው «የተኛው ጅብ» የምንለውን ነው። አንዱ ልጅ ዓይኑን በሻርፕ ታስሮ ምንጣፉ መሃል ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱ የቁልፍ መያዣ ይደረጋል። ሌሎቹ ከግድግዳው ተነስተው አንድ በአንድ በካልሲ እንደ ድመት እየሄዱ ቁልፉን ሊሰርቁት ይመጣሉ። ጅቡ ኮቴ ከሰማ በጣቱ ያመለክታል፤ በትክክል ካመለከተ የተሰማው ልጅ ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው። እንዲህ ቀስ ብሎ መሄድም ጉልበት ይፈልጋል፣ በአንድ እግር ለአፍታ ቆመሽ ሞክሪውና እዪው። ሲጨርሱ ያልባቸዋል።

አኩኩሉም ቤት ውስጥ ይሆናል፣ ግን ገልብጪው። አንዱ ይደበቃል፣ አራቱ ይፈልጋሉ። «ኩኩሉ» ሲሉ የተደበቀው «አልነጋም» ይላል፣ ዝግጁ ሲሆን «ነግቷል»። ያገኘው ልጅ አይጮህም፤ ዝም ብሎ አብሮት ይደበቃል። መጨረሻ ላይ አራቱ አንድ አልጋ ሥር ተጨናንቀው ሲታፈኑ አንዱ ብቻውን ቤቱን ይዞራል። ከመጀመራችሁ በፊት የበረንዳውን በር ቆልፊ፣ ወጥ ቤቱንም ክልክል አድርጊ፣ ቁም ሣጥንና ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መግባት እንደማይቻል በግልጽ ንገሪያቸው። ይሄን ሳትናገሪ እንዳትጀምሪ።

ገበጣን ሳልጠቅስ አላልፍም። ታሪክ አጥኚው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣና በአካባቢያችን ስላሉ ዘመዶቹ በሰፊው ጽፏል፤ ህጉ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። ስለዚህ እናትሽ የምታውቀው አጨዋወት ካለ የኔን ተዪና የሷን ያዢ። ሰሌዳ መግዛት አያስፈልግም። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን 5 በ6 ነው፤ ሁለት ረድፍ ስትቆርጪ 12 ጉድጓድ አገኘሽ። 48 ሽምብራ ቁጠሪና በየጉድጓዱ 4 4 አድርጊ። ለጀማሪ የማስተምረው እንዲህ ነው፦ ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ የአንዱን ጉድጓድ ፍሬ ሁሉ ያነሳል፣ ቀጥለው ባሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። የመጨረሻዋ ፍሬ ባዶ ጉድጓድ ከገባች ተራው አለቀ። ፍሬ ያለበት ከገባችና በሷ 4 ከሞላ አራቱ የሱ ናቸው፣ ተራውም እዚያ ያበቃል። ሌላ ቁጥር ከሆነ ሁሉንም አንስቶ ይቀጥላል። ብዙ የሰበሰበ ያሸንፋል። የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፣ ላንቺ ቤት ግን አያት በአንድ ወገን፣ ልጆቹ እየተማከሩ በሌላው ይሁኑ። የ6 ዓመቱ ፍሬ መጣሉን ይያዝ፤ ሳያስበው መቁጠር ይለማመዳል። ከ3 ዓመት በታች የሆነ እንግዳ ልጅ ሲመጣ ግን ሽምብራውም ጠጠሩም ይነሳ፣ ጉሮሮ ይዘጋል።

ጠጠር ካልኩ ቅልሞሽ አለ፤ አምስት ጠጠር፣ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ከመሬት። ብርድ ልብስ አንጥፊላቸው፣ ድምፁን ይውጠዋል። ትልቁ በግራ እጁ ይጫወት፣ ትንሿ በሁለት እጇ ትቅለብ። እንዲህ ሲሆን ትልቁም አይሰለቸውም፣ ትንሿም አትሸነፍም። ዳማም በቆርኪና በካርቶን ይሠራል፤ እሱ ለ9 ዓመቱና ለ12 ዓመቱ ነው፣ ሌሎቹ በተኙ ሰዓት።

ለማንበብና ለመጻፍ ለደረሱት የፊደል ጨዋታ ጨምሪ። ወረቀት በአምስት ይከፈላል፤ ስም፣ ከተማ፣ እንስሳ፣ ምግብ፣ ዕቃ። 33ቱን የአማርኛ ዋና ፊደላት በትንንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ጆንያ ወይም ኮፍያ ውስጥ ጨምሩ። አስቸጋሪዎቹን እንደ «ጰ» ያሉትን አውጧቸው። ትንሿ አንዱን ታወጣለች። «ለ» ከወጣ ከ«ለ» እስከ «ሎ» ሁሉም ይሠራል፤ ሊያ፣ ላሊበላ፣ ላም፣ ሎሚ፣ ላጲስ። ነጥቡን ግን ለየልጁ አትያዢ። የአምስቱን ደምሪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ነገ ከዛሬው መብለጥ ነው ሥራቸው። ያኔ ትልቁ ትንሹን መርዳት ይጠቅመዋል፣ አጭበረበርክ አላጭበረበርኩም የሚለውም ጭቅጭቅ ይቀንሳል። ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ጓደኞቼ በዚህ ጨዋታ ፊደል አስቆጥረዋል፤ ልጆቹ ትምህርት መሆኑን አላወቁም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ አትዘኚ። ባትሪ አብሪና ግድግዳው ላይ በእጃቸው ጥላ ይሥሩ፤ ወፍ፣ ውሻ፣ ግመል። ሻማ አልመክርም፣ አምስት ልጅ በሚንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍል ሻማ አደጋ ነው። አንዱ ጥላውን ይሥራ፣ ሌላው ድምፁን ይስጠው፣ የቀሩት ምን እንደሆነ ይገምቱ።

መጣላታቸው ሙሉ በሙሉ አይቀርም። አንዱ «አልጫወትም!» ብሎ ሲያኮርፍ አትለማመጪው፣ አትቆጪውም። ቆጣሪነቱን ወይም ዳኝነቱን ስጪው፤ ያኮረፈ ልጅ ዳኛ መሆን ይወዳል፣ ከሁለት ዙር በኋላ ራሱ ይመለሳል። አንድን ጨዋታ ደግሞ እስኪሰለቻቸው አታቆዪው። ገና እየሳቁ ሳለ «ይበቃል፣ የቀረው ነገ» ካልሽ ነገ ጠዋት እነሱ ናቸው የሚያስታውሱሽ። የተቀመጡበትን ጨዋታ የሚያንቀሳቅስ ይከተለው፣ ከዚያ እንደገና መቀመጥ።

የ12 ዓመቱን ነገር ለብቻው ላንሳው፣ እሱን ካገኘሽ አራቱን አገኘሽ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ «ከሕፃናት ጋር ተጫወት» ሲሉት ይከፋዋል፣ «ነገ ከሰዓት ያለውን ጨዋታ አንተ አዘጋጅ» ሲሉት ግን ይኮራል። ህጉን እሱ ያስረዳ፣ ትሪውን እሱ ይደርድር፣ ለትንሿ ምን ይቅለልላት የሚለውንም እሱ ያስብ። የራሱ ጊዜም ይኑረው፤ ሙሉ ቀን የሞግዚት ሥራ አትስጪው።

ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ሥራ ሞልቷል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ሆያ ሆዬን ተቀምጠው ይለማመዱት፣ አውጪና ተቀባይ እየተቀያየሩ፣ ዱላው ለግቢው ይቆይ። ቡሄ ሲያልፍ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል መሳል ይጀምሩ። ጠረጴዛው ዙሪያ አምስቱም ተቀምጠው አንዱ አበባውን ይሥላል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል፣ ትንሿ ዳር ዳሩን፣ ትልቁ ጽሑፉን። በቀን አምስት ወይም ስድስት ካዘጋጁ ለጠቅላላው ብሎክ ይበቃል። መስከረም 1 ጠዋት ሲያድሉ ግን የመጀመሪያውን ሥዕል ይዘው ወደ ታች ይውረዱ፤ ለነዚያ ሁለት ጊዜ ለነገሩሽ ጎረቤቶች።